ሰንጢና ወዳጅነት

ሰንጢ የሚለው ቃል በከተማችን መልካም ስም የለውም። ስሙ ሲነሣ ብዙ ሰው አስቀድሞ ትዝ የሚለው የጨለማ መንገድ፣ የኪስ አውላቂና የመጠጥ ቤት ጠብ ነው። እናት ከልጇ ኪስ ሰንጢ ብታገኝ ትደነግጣለች፤ መምህር ከተማሪው ቦርሳ ቢያገኝ ወላጅ ያስጠራል። ይህ ፍርሃት ከንቱ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ምክንያቱንም ወደ ኋላ ከራሳችን ማኅበር ታሪክ እናመጣዋለን።

ይሁን እንጂ ሰንጢ በመሠረቱ ለጠብ የታሰበ መሣሪያ አይደለም። ጐራዴ በወገብ ይታጠቃል፤ ካራ በሰገባ ይያዛል፤ ሰንጢ ግን እንደ ቍልፍና እንደ መሐረብ በኪስ የሚቀመጥ፣ ስለቱን ወደ እጀታው መልሶ የሚተኛ ትንሽ የሥራ ዕቃ ነው። እርሳስ ይቀረጽበታል፤ ብርቱካን ይላጥበታል፤ የጆንያ ሲባጎ ይቈረጥበታል፤ ደብዳቤ ይከፈትበታል። በዚህ ጽሑፍ ልንናገር ያሰብነውም ስለዚሁ ትሑት ዕቃና እሱን በመሰብሰብ ስላገኘነው ወዳጅነት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

«እኛ» ማለታችን ለአነጋገር ክብር ብለን አይደለም፤ በእርግጥም አምስት ሰዎች ነን። አንዱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ነው፤ አንዱ የታሪክ መምህር ነው፤ አንዱ አናጢ ነው፤ አንዱ አባታቸውም እሳቸውም በምድር ባቡር ያገለገሉ የድሬዳዋ ተወላጅ ጡረተኛ ናቸው፤ አምስተኛው በመርካቶ ምናለሽ ተራ ብረት እየቀጠቀጠ የሚኖር ባለሙያ ነው። ዕድሜያችን የአባትና የልጅ ያህል ይራራቃል፤ ትምህርታችንና ገቢያችንም አንድ አይደለም። ሌላ ጉዳይ በአንድ ገበታ ዙሪያ ይሰበስበን ነበር ብለን አናምንም።

የማኅበራችን መነሻ ቀላል ነው። የመዝገብ ሠራተኛውና መምህሩ ሳይተዋወቁ በአንድ ቅዳሜ ከምናለሽ ተራ የአሮጌ ብረት ክምር አጠገብ ቆመው ሳለ አንዲት የቀንድ እጀታ ያላት ሰንጢ ሁለቱንም ማረከቻቸው። አንዱ «እኔ ቀድሜ አይቻታለሁ» አለ፤ ሌላው «እኔ ቀድሜ ይዣታለሁ» አለ። ነጋዴው ክርክሩን አይቶ ዋጋውን ከፍ አደረገው። ሁለቱም ለየብቻቸው ሊከፍሉት የማይፈቅዱት ዋጋ በመሆኑ እኩል አዋጥተው ገዟትና ወር በወር እየተፈራረቁ ሊያስቀምጧት ተስማሙ። እንግዲህ ሰንጢዋ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ እንድትሻገር በየወሩ መገናኘት ግዴታ ሆነ። በመገናኘትም ቡና ተጠጣ፤ ቡናውም ጨዋታ አመጣ፤ ጨዋታውም ሌላ ሰው ጋበዘ። ያቺ ሰንጢ እስከ ዛሬ ድረስ የሁለቱ የጋራ ንብረት ናት፤ ለአንዱ ጠቅልሎ የመስጠት ሐሳብ በተነሣ ቍጥር ሁለቱም እኩል ይቃወማሉ።

ዛሬ የምንሰበሰበው በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። በጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል፤ እያንዳንዱም አንድ ሰንጢ ብቻ ያቀርባል። አቅራቢው ሦስት ነገር መናገር አለበት፤ ይኸውም የት እንደ ተሠራች፣ በማን እጅ እንደ ኖረች፣ ምን ሥራ እንደ ሠራች ነው። የማያውቀውን «አላውቅም» ይላል እንጂ ከልቡ አይፈጥርም። ዋጋ መጠየቅ ግን በደንባችን ክልክል ነው። ዋጋ ከተጠየቀ ጨዋታው የገበያ ጨዋታ ይሆናልና።

ምናልባት አንባቢ በአንዲት ሰንጢ ላይ ይህን ያህል የሚነገር ምን አለ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ስለዚህ የዕቃዋን ጠባይ በጥቂቱ እንግለጽ። የጥንቱ ዓይነት ሰንጢ የሚሠራው ከጥቂት ክፍሎች ነው፤ ስለቱ፣ በጀርባው ያለው ሞላ፣ ሁለቱ የእጀታ ጐኖችና ሁሉን የሚያያይዙት ትንንሽ ችንካሮች ናቸው። ስለቱን ሲከፈትም ሲዘጋም በቦታው የሚይዘው የሞላው ግፊት ብቻ ነው እንጂ ሌላ መቈለፊያ የለውም። ከዚህም የተነሣ የጥንቱ ሰንጢ ለመቍረጥ እንጂ ለመውጋት አይመችም፤ የሚወጋበት ሰው ቢኖር ስለቱ ታጥፎ የገዛ ጣቱን ሊቈርጠው ይችላል። የሠሪው ብልኀት የሚታወቀው በሞላው ነው። ሞላው ከጠነከረ ጥፍር ይሰብራል፤ ከላላ ስለቱ ይወዛወዛል። ልክ ሲሆን ግን ሰንጢው ሲከፈትም ሲዘጋም «ጠቅ» የሚል ንጹሕ ድምፅ ይሰጣል። ጡረተኛው ወዳጃችን ዓይናቸው ስለ ደከመ ሰንጢ የሚመረምሩት በጆሯቸው ነው፤ ፍርዳቸውም ብዙ ጊዜ ከእኛ ዓይን ይበልጣል።

የሰንጢ ሰብሳቢ ሳይወድ በግድ የታሪክና የመልክዐ ምድር ተማሪ ይሆናል። ከእጃችን ከገቡት መካከል ብዙዎቹ የእንግሊዟ ከተማ የሸፊልድ ሥራ ናቸው። የዚህች ከተማ ቢላዋ ገና በ14ኛው መቶ ዓመት የታወቀ ስለ ነበር ባለቅኔው ቾሰር ከታሪኮቹ በአንዱ አንሥቶታል። የከተማይቱና የአካባቢዋ ስለት ሠሪዎች ማኅበር በ1624 በፓርላማ ሕግ ተቋቋመ። በ1740ዎቹ ደግሞ ቤንጃሚን ሀንትስማን የሚባል ሰዓት ሠሪ ለሰዓት ሞላ የሚሆን የጠራ ብረት ሲፈልግ፣ በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ብረትን አቅልጦ ጥራቱ እኩል የሆነ አረብ ብረት የማውጣትን ዘዴ አገኘ። በ1913 ሃሪ ብሬርሊ የማይዝገውን ብረት በዚያችው ከተማ ሠራ። የጆሴፍ ሮጀርስ ቤት ለ1851ዱ የለንደን ታላቅ ኤግዚቢሽን ያዘጋጀው ሰንጢ 75 ስለትና መሣሪያ የሚወጣው ስለ ነበር ማንም በኪሱ ሊይዘው አይችልም፤ ለጥበብ መታያ የተሠራ ነውና።

ነገር ግን ከትልልቆቹ ቤቶች ይልቅ እኛን የሚማርኩን በዚያች ከተማ «ትንንሾቹ ጌቶች» እየተባሉ የሚጠሩት ብቸኛ ሠራተኞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች በተከራዩት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለብቻቸው፣ ወይም ከአንድ ሁለት ረዳት ጋር እየሠሩ ይኖሩ ነበር። ከእነሱ አንዱ የነበሩት ስታን ሾ በ1926 ተወልደው በ2021 ዐረፉ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከሰባ ዓመት በላይ ሰንጢ ሲሠሩ ኖረዋል። የስለት ሥራ ክብር ብቻ እንዳልነበረውም ማስታወስ ይገባል። በሸፊልድ ስለት የሚሞርዱት ሠራተኞች ከድንጋዩ የሚነሣውን ትቢያ እየሳቡ በሳንባ በሽታ ያልቁ ነበር። በፈረንሳይ አገር በቲዬር ከተማ ደግሞ ሞራጆቹ በዱሮል ወንዝ ኀይል ከሚዞረው ድንጋይ በላይ በሳንቃ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ይሠሩ ነበር፤ በክረምት ብርዱ እንዳይጐዳቸው ውሻቸው በእግራቸው ላይ ይተኛላቸው ነበር። አሮጌ ሰንጢ በእጃችን ስንይዝ እነዚህን ሰዎች ማሰብ ይገባናል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ከዋጋው ቀድመን የምንናገረውም ስለዚህ ነው።

ከፈረንሳይ ሰንጢዎች ሁሉ የማኅበራችን ሽማግሌ የምትባለው የጡረተኛው ወዳጃችን ኦፒኔል ናት። ጆሴፍ ኦፒኔል በሳቯ ተራራማ አገር ይህን የእንጨት እጀታ ያለውን ርካሽ የገበሬ ሰንጢ መሥራት የጀመረው በ1890 ነው። በ1897 ከቍጥር 1 እስከ ቍጥር 12 በመጠን ደረጃ አወጣላቸው። በ1955 ስለቱን የሚቈልፍ ዟሪ የብረት ቀለበት ተጨመረበት። የወዳጃችን ሰንጢ ቍጥር 8 ስትሆን ቀለበት የላትም፤ እንግዲህ ከ1955 በፊት የተሠራች መሆኗ ነው። አባታቸው በድሬዳዋ የባቡር መጠገኛ ሲሠሩ አንድ ፈረንሳዊ መካኒክ ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጣቸው መሆኑን ወዳጃችን ከአባታቸው ሰምተዋል። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 እንደ ሆነ ይታወቃል። በዚያ መንገድ ሸቀጥና ሰው ብቻ ሳይሆን ይህን የመሰለ የትንሽ ወዳጅነት ምልክትም ተጓጕዟል። የሰንጢዋ ስለት በመሞረድ ብዛት ግማሹ አልቋል። አንድ ጊዜ አናጢው «ጋሼ፣ ስለቷን በአዲስ ልለውጥልዎት?» ቢላቸው «ያለቀው እኮ በአባቴ እጅ ነው፤ አዲሱን ስለት ማን ይጨርስልኛል?» ብለው መለሱለት።

ሌሎቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ትምህርት አላቸው። ቀዩ የስዊስ ሰንጢ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ካርል ኤልሰነር በኢባክ መንደር የሥራ ቤቱን የከፈተው በ1884 ሲሆን፣ በ1891 ለአገሩ ወታደሮች ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። እናቱ ቪክቶሪያ በ1909 ስትሞት ምርቱን በስሟ ጠራው፤ በ1921 የማይዝገው ብረት ሲመጣ የዚያው ብረት መጠሪያ ተጨምሮበት ቪክቶሪኖክስ ተባለ። ስለዚህ ብዙ ሰው ሳያውቀው የአንዲት እናት ስም በኪሱ ይዞ ይሄዳል። የጀርመኗ ዞሊንገን ስሟ ያለ አግባብ እንዳይታተም በ1938 በሕግ የተጠበቀላት ከተማ ናት። በአሜሪካ የኬስ ፋብሪካ በ1970 ከማኅተሙ ሥር ዐሥር ነጥብ አኑሮ በየዓመቱ አንድ አንድ እየቀነሰ ሄዷል። መምህራችን አንድ አሜሪካዊ መምህር ለተማሪው ትቶለት የሄደውን የኬስ ሰንጢ ሲያገኝ ነጥቦቹን በማጕያ መነጽር ቈጥሮ ሰባት አገኘ፤ የተሠራበትም ዓመት 1973 መሆኑን ዐወቀ። ያን ቀን የነበረውን ደስታ ያየ ሰው ስለ አንድ ትልቅ የታሪክ ሰነድ መገኘት የምንጫወት ይመስለው ነበር።

አሁን ወደ ወዳጅነቱ እንመለስ። በእንግሊዝና በሌሎችም የአውሮፓ አገሮች ስለት በስጦታ መስጠት ወዳጅነትን ይቈርጣል የሚል የቆየ እምነት አለ። ስለዚህ ሰንጢ የተሰጠው ሰው ለሰጪው አንዲት ሳንቲም ይከፍላል፤ ነገሩም ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ለስሙ ግዢ ይሆናል። እኛ ይህን ያወቅነው በሸፊልድ ከሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ስለት ሠሪ ጋር ደብዳቤ በመጻጻፍ ነው። የመዝገብ ሠራተኛው የአንድ አሮጌ ማኅተም ትርጕም ለመጠየቅ ጽፎላቸው ነበር፤ እሳቸውም መልሱን ጽፈው፣ ከገዛ እጃቸው ሥራ አንዲት ትንሽ ሰንጢ ጨምረው፣ «ሳንቲሜን አደራ» ብለው ላኩልን። አንበሳ ያለባትን የዐሥር ሳንቲም ዝርዝር በደብዳቤ አሽገን ላክንላቸው። ከዚያ ወዲህ በማኅበራችንም ሰንጢ የተቀበለ ሁሉ ዐሥር ሳንቲም ይከፍላል። እምነቱን አምነነው አይደለም። ነገር ግን የተቀበለ ሰው ባዶ እጁን እንዳይቀር የሚያደርግ ሥርዐት መልካም ሆኖ ስላገኘነው ነው፤ ሰጪም ተቀባይም እኩል ይሆናሉና።

እኩል መሆን ያልነው ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህንንም ያስተማረን አምስተኛው ወዳጃችን ነው። መጀመሪያ የተገናኘነው የተሰበረ ሞላ ልናሠራ ሄደን ነበር። እሱም ከአሮጌ መጋዝ ቈርጦ፣ በእሳት አግሎ፣ በዘይት አጥልቆ፣ ቀለሙን እያየ መልሶ አለዘበው፤ ሰንጢዋም እንደ ጥንቷ «ጠቅ» አለች። ዋጋውን ከፍለን «እሑድ ቡና እንጠጣ» ስንለው ሁለት ጊዜ እሺ ብሎ ሁለት ጊዜ ቀረ። በሦስተኛው መጣ፤ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጠ። ወደ ጠረጴዛው እንዲቀርብ ጡረተኛው ሲለምኑት እንዲህ አለ፤ «አያቴ የቀጠቀጠው ማረሻ በየቤቱ ይገባ ነበር። እሱ ግን ከደጅ ቆሞ ዋጋውን ተቀብሎ ይመለስ ነበር።» ማናችንም ለዚህ የሚሆን መልስ አላገኘንም።

በአገራችን ብረት የሚሠራውን፣ ሸክላ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፋቀውን መናቅ ረጅም ዘመን የኖረ ክፉ ልማድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ በ1908 ማስነገራቸው ልማዱ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ያስረዳል። አዋጅ አፍን ይከለክላል፤ ወንበር የሚያቀራርበው ግን ሰው ነው። ወዳጃችን ዛሬ በጠረጴዛው ራስ ይቀመጣል። የሩቅ አገር ስለት ሠሪዎችን ስም በአክብሮት የምንጠራ ሰዎች በገዛ ከተማችን ከባሌስትራ ቢላዋ የሚያወጣውን ሰው ካላከበርን መሰብሰባችን ምን ዋጋ ይኖረዋል?

ከዚህ በላይ የጻፍነው ሁሉ የደስታ ወሬ ነው። አሁን ደግሞ ማኅበራችን ሊፈርስ የደረሰበትን ጊዜ እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የመምህሩ ታናሽ ወንድም በማያገባው ጠብ ሊገላግል ገብቶ በሰንጢ ተወጋ። ብዙ ሳምንት በሐኪም ቤት ተኛ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሞት ሳይደርስበት ተነሣ፤ ቀኝ እጁ ግን እንደ ቀድሞው አልታዘዘለትም። መምህሩ በዚያ ወር እሑድ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። በሦስተኛው ወር አንድ የጫማ ካርቶን ይዞ መጣና ሳይቀመጥ «እነዚህን ውሰዱልኝ፤ ሸጣችሁ የምታደርጉትን አድርጉ፤ ከቤቴ ውስጥ እንዲያድሩ አልፈልግም» አለን። በካርቶኑ ውስጥ ሃያ ሦስት ሰንጢዎች ነበሩ፤ የሁለቱ የጋራ ንብረት የሆነችውም አብራ ነበረች።

ከመካከላችን አንዱ «ያ የተወጋበት እኮ የሚቈለፍ አዲስ ዓይነት ነው፤ የእኛ ሰንጢ…» ብሎ ሊናገር ጀምሮ ነበር፤ ጡረተኛው በዓይናቸው ከለከሉት። ንግግሩ እውነት ነበረ፤ ግን በዚያ ሰዓት ለዚያ ሰው የሚነገር እውነት አልነበረም። ወንድሙ በቁስል ለተኛበት ሰው የሞላና የመቈለፊያ ልዩነት ምን ይጠቅመዋል? «እሺ» ብለን ካርቶኑን ተቀበልነው። ከሄደ በኋላ ግን እርስ በርሳችን ተከራከርን። አንዱ ቃሉን አክብረን እንሽጥ አለ። አንዱ እንከፋፈለውና ቢፈልግ እንመልስለታለን አለ። በመጨረሻ ብረት ቀጥቃጩ ወዳጃችን «ሰው በኀዘን ጊዜ የሰጠው ነገር አደራ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም» ሲል ነገሩ ተቈረጠ።

እንግዲህ ካርቶኑን በየወሩ እየተቀባበልን አስቀመጥነው። ማንም በሳጥኑ ያሉትን እንደ ራሱ አድርጎ ለጨዋታ አላቀረበም። የማይዝግ ያልሆነ ብረት ካልታየ ይዝጋልና ተረኛው ሁሉንም እየከፈተ በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላል፤ መገጣጠሚያቸውን ዘይት ይቀባል፤ መልሶ ይዘጋል። ወደ መምህሩም ቤት እየሄድን ወንድሙን እንጠይቅ ነበር፤ ስለ ሰንጢ ግን አንድ ቃል አልተናገርንም። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ዝናሙ ተጫወትን። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተገነዘብን። ወዳጅነታችን በሰንጢ ላይ ብቻ የቆመ ቢሆን ኖሮ ወሬው ባለቀበት ቀን ያልቅ ነበር፤ እሱ ግን አላለቀም።

እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ በኋላ መምህሩ በአንድ እሑድ ሳይጠራ መጥቶ ከቦታው ተቀመጠና የጃፓንን ታሪክ አነሣልን። በጃፓን አገር ሚኪ በምትባለው ከተማ ሂጎኖካሚ የሚሉት ቀላል ሰንጢ ይሠራል፤ የዚያ አገር ተማሪዎች ለብዙ ዘመን እርሳሳቸውን የሚቀርጹት በእሱ ነበር። በ1960 አሳኑማ የሚባሉት የፓርቲ መሪ በሕዝብ ፊት ንግግር ሲያደርጉ አንድ ወጣት በአጭር ጐራዴ ወግቶ ገደላቸው። ከዚያም ወዲህ ልጆች ስለት እንዳይዙ የሚል ዘመቻ ተስፋፋ፤ ሰንጢውም ከተማሪ ቤት ወጣ፤ ሠሪዎቹም አነሱ። ዛሬ ያንን ስም ይዞ የሚሠራው አንድ ቤት ብቻ ነው። መምህሩም ይህን ከተረከ በኋላ እንዲህ አለ፤ «ይህን ታሪክ ብዙ ሌሊት አሰብሁበት። ልጆቹን ለማዳን ያሰቡትን ወላጆች አልፈርድባቸውም፤ እኔም ከተማሪዬ ኪስ ሰንጢ ባገኝ ዛሬም እወስድበታለሁ። ግን ወንድሜን የወጋው ልጅ ማንም ሰው ሰንጢ ሰጥቶ፣ ይህን እንዲህ ይዘህ እርሳስ ቅረጽበት፣ ስለቱን ከሰው አዙር ብሎ ያስተማረው አይመስለኝም። ስለት ያገኘው ከጠብ ጋር ነው።»

ከዚያም ካርቶኑን ጠየቀ። ተረኛው አናጢ አመጣለት። መምህሩ አንድ በአንድ ከፈታቸው፤ አንዲትም ዝገት አላገኘባቸውም። ምንም አልተናገረም፤ ከኪሱ የዐሥር ሳንቲም ዝርዝሮች አውጥቶ ለአራታችን አንድ አንድ ሰጠን። ከሃያ ሦስቱ ግን የወሰደው ሁለት ብቻ ነው፤ እነሱም ነጥቧ ሰባት የሆነችው የኬስ ሰንጢና የጋራዋ የቀንድ እጀታ ናቸው። የቀሩትን «ገና ነኝ» ብሎ በካርቶኑ ተዋቸው። ካርቶኑ እስከ ዛሬ በመካከላችን ይዞራል፤ ዘይት የመቀባቱም ተራ አልቀረም። ወንድሙ ደግሞ አሁን በግራ እጁ መጻፍ ተምሯል፤ ከእሱ ፊት ሰንጢ አንከፍትም።

ይህን ሁሉ ከተናገርን በኋላ እንደ እኛ መሰብሰብ ለሚፈልጉ ወጣቶችና ባልደረቦቻችን ከልምድ ያገኘነውን ጥቂት ምክር እንተውላቸው። በመጀመሪያ፣ ብዛትን አትመኙ፤ ታሪኩ የታወቀ አንድ ሰንጢ ታሪኩ ካልታወቀ ሠላሳ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ አሮጌውን ብረት በአሸዋ ወረቀት እየፈተጋችሁ አዲስ ለማስመሰል አትድከሙ፤ በአገልግሎት ብዛት የመጣው ጠይም መልኩ የዕድሜው ምስክር ነው፤ ዝገቱን ብቻ በዘይትና በጨርቅ አንሡለት። ሦስተኛ፣ የዝሆን ጥርስ እጀታ ያለውን አትግዙ፤ የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲቆም አገሮች የተስማሙት በ1989 በበቂ ምክንያት ነው፤ የከብት ቀንድ፣ አጥንትና እንጨት ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። አራተኛ፣ ከእያንዳንዱ ሰንጢ ጋር የባለቤቱን ስምና ያገኛችሁበትን ቀን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ አኑሩ፤ ሰው ሲሞት ወረቀት ያልተጻፈለት ዕቃ ወደ አሮጌ ብረት ክምር ይመለሳልና። አምስተኛ፣ ስለት ከያዛችሁበት ቀን ጀምሮ ኀላፊነትም ይዛችኋል፤ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሰው መሰብሰቢያ፣ ወደ ስካርና ወደ ክርክር ቦታ ይዛችሁ አትሂዱ።

መሰብሰብን ብዙ ሰው የሥራ ፈት ጨዋታ አድርጎ ያየዋል። እኛ ግን በዚህ ምክንያት የአንድን ባቡር ሠራተኛ አባት፣ የአንዲትን የስዊስ እናት፣ የሸፊልድን ሞራጆችና የምናለሽ ተራን ባለሙያ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለማሰብ በቅተናል። ይልቁንም ወዳጅ ሊይዘው ያልቻለውን ነገር ተቀብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ሳይዝግ ማቈየትን ተምረናል። በአንባቢው ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ከአሮጌ ቍልፎችና ከተሰበረ ሰዓት ጋር የአባት ወይም የአያት ሰንጢ ተኝቶ ይሆናል። ካለ አንድ ቀን አውጥቶ ዘይት ይቀባው፤ የማን እንደ ነበረም በሕይወት ካለ ሽማግሌ ይጠይቅ። ሽማግሌውን ለመጠየቅ መሄዱ ራሱ ትልቅ ትርፍ ነው።